ቴፍሎን ሲበርደው ማንን ይጨብጣል? የሁለት ቫልቮች የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

ሁለት ቫልቭ ተሰጥቶኛል። አንዱ ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚዘጋ ነው፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ። ሌላው 540 ዲግሪ የደረሰ እንፋሎት የሚዘጋ። የብረቱ ነገር ብዙም አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ሲሉ ነው፤ በብረትና በብረት መሃል ገብቶ "በዚህ አታልፍም" የሚለው ቀለበት። ቫልቭ ሲያፈስ ሰው ቫልቩን ይሰድባል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛዋ ከኪስ ሳንቲም የማትከብድ ቀለበት ናት።

በብርዱ እጀምራለሁ። ምክንያቱ ስንፍና ነው። ብርዱን ለመሞከር አንድ ገንዳ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይበቃል፤ ለሙቀቱ ግን ምድጃው እስኪለቀቅ ወረፋ መጠበቅ አለብኝ።

መጀመሪያ ጎማን ከዝርዝሩ ሰረዝኩ። የተራ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ቀለበት) ቁራጭ በፒንሳ ይዤ ናይትሮጅን ውስጥ ነከርኩ፣ አወጣሁ፣ በመዶሻ መታ አደረግሁት። እንደ ብርጭቆ ተበተነ። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ማየት ግን ደስ ይላል። ደግሞም መሰበሩ አይደለም ዋናው። ጎማ ከመሰበሩ ብዙ ዲግሪ ቀደም ብሎ ይሰንፋል፤ ተጨቁኖ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም። የጠፈር መንኮራኩሯ ቻሌንጀር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 በተነሳች በ73 ሰከንድ የተበታተነችው፣ ሰባት ሰዎችም ያለቁት በብርድ የሰነፈ የጎማ ቀለበት ምክንያት ነው። በምርመራው ጊዜ የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን የዚያን ጎማ ቁራጭ በመቆንጠጫ ጨቁኖ የበረዶ ውሃ ውስጥ ከተተው፤ አውጥቶ ሲለቀው ጎማው እንደተጨቆነ ቆየ። የበረዶ ውሃ ነው እንግዲህ። ዜሮ ዲግሪ። የኔ ከዚያ በ196 ዲግሪ ይወርዳል።

ቀን 2

ስለዚህ ቴፍሎን፤ ያ መጥበሻ ላይ የሚቀባው የማይጣበቅ ፕላስቲክ። ብርድ ላይ ይጠነክራል እንጂ እንደ ጎማ ብትንትን አይልም፣ ኬሚካል አይነካውም፣ ያንሸራትታል። ችግሩ መኮማተሩ ነው።

ዛሬ ሒሳቡን ሠርቼ ተሳሳትኩ። ስህተቱን እዚህ ላስፍረው፣ ሌላም ሰው ሊሠራው ይችላልና። ይሄ ቫልቭ የሚዘጋው መሃሉ የተበሳ የብረት ኳስ በማዞር ነው፤ ኳሱ የሚያርፍበት የመቀመጫ ቀለበት የውጭ ዲያሜትሩ 80 ሚሊ ሜትር ነው። የቴፍሎንን የመስፋፋት ቁጥር አነሳሁ፤ በአንድ ዲግሪ 120 ሚሊዮንኛ ገደማ። ከ20 ዲግሪ ተነስቶ ከዜሮ በታች 196 እስኪደርስ 216 ዲግሪ ነው። አባዛሁት፤ 2.6 በመቶ መጣ። ለስቴንለሱ ብረትም እንዲሁ አባዛሁ። በሁለቱ መሃል 1.8 ሚሊ ሜትር ልዩነት! ደነገጥኩ፣ ንድፉንም ልቀይር ተነሳሁ።

ከሰዓት በኋላ ነው የበራልኝ። ያ ቁጥር የክፍል ሙቀት ቁጥር ነው። ብርዱ እየበረታ ሲሄድ ቁሱ በያንዳንዱ ዲግሪ የሚኮማተረው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ በአንድ ቁጥር አባዝቶ መሄድ አይሆንም፣ ከክፍል ሙቀት እስከዚያ ድረስ በጠቅላላው ስንት ተኮማተረ የሚለውን ሠንጠረዥ ማየት ነው። ሠንጠረዡ ለቴፍሎን 1.9 በመቶ፣ ለስቴንለስ ስቲል 0.3 በመቶ ገደማ ይላል። በ80 ሚሊ ሜትር ላይ ልዩነቱ 1.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ተሳስቼ ነበር ማለት ነው። ሲል ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የመኪና መንገድ ነው።

1.3ም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ቀን 4

ቶርኖው ላይ የሚሠሩት ጋሼ የመጀመሪያዎቹን ቀለበቶች ጠዋት አወጡልኝ። ከሰዓት ስመለስ ካሊፐሩን ይዘው ጠበቁኝ።

"አንተ ልጅ፣ ነካክተሃቸዋል?"

"አረ አልነካሁም ጋሼ፣ ምነው?"

"ጠዋት ልክ 80 ነበሩ። አሁን ሩብ ሚሊ ጨምረዋል።"

እሳቸውም ልክ ናቸው፣ ካሊፐሩም ልክ ነው። ቴፍሎን 19 ዲግሪ አካባቢ ውስጣዊ አደረጃጀቱን ይቀይራል፤ ያችን መስመር ሲሻገር ይዘቱ 1 በመቶ ገደማ ይለወጣል። ጠዋት ክፍሉ ከ19 በታች ነበር፣ ከሰዓት 25 ደረሰ። በቃ፣ ቀለበቱ በራሱ ጊዜ አደገ። ከዛሬ ጀምሮ ሥዕሉ ላይ "በ23 ዲግሪ ይለካ" ብለን ጽፈናል፤ ጋሼም ቀለበቶቹን ከመለካታቸው በፊት ለሁለት ሰዓት ቴርሞሜትር ያለው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጧቸዋል። "ሕፃን ነው እንዴ?" እያሉ።

ቀን 5

ብረቱን ናይትሮጅን አጠጣነው። የምንጠቀመው ስቴንለስ ስቲል በከባድ ብርድ ውስጥ ከፊሉ ወደ ሌላ የብረት አወቃቀር ሊቀየር ይችላል፤ ሲቀየር ደግሞ መጠኑ ትንሽ ይዛነፋል። አብረቅርቀህ የጨረስከው ኳስ ከመጀመሪያው ብርድ በኋላ ክብነቱን ካጣ ልፋትህ ገደል ገባ። ስለዚህ ኳሱና ገላው የመጨረሻውን ልስላሴ ሳያገኙ ሁለት ጊዜ ነክረን አሞቅናቸው። የሚዛነፈው አሁኑኑ ይዛነፍ፣ ከዚያ እናለስልሰዋለን።

ቀን 8

የመጀመሪያው ሙከራ።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። ቫልቩ ዝግ ሆኖ ገንዳ ውስጥ ይሰጥማል። በአንዱ ጎን ሂሊየም እንሰጠዋለን፣ ከሌላው ጎን የሚወጣ ቀጭን ቱቦ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። አረፋ ካየህ ያፈሳል። ሂሊየም የሆነው ለምን መሰላችሁ፤ ናይትሮጅን ጋዝ ብንሰጠው በዚያ ብርድና ግፊት እዚያው ቫልቭ ውስጥ ፈሳሽ ይሆንና ልኬቱን ያበላሻል፣ ሂሊየም ግን እስከ ከዜሮ በታች 269 ድረስ ጋዝ ነው። ሞለኪውሉም ትንሽ ስለሆነ ትንሿም ቀዳዳ አታመልጠውም።

በሩ ተከፍቷል፣ የኦክስጅን መለኪያው ደረቴ ላይ ተሰክቷል፣ ከ19.5 በመቶ ሲወርድ ይጮሃል። ይሄን እንደ ሥርዓት ብቻ የሚያዩ አሉ። አንድ ሊትር ፈሳሽ ናይትሮጅን ተንኖ ወደ 700 ሊትር ጋዝ ይሆናል። ሽታ የለውም፣ አያስልም፣ አየሩን ገፍቶ ያወጣና ሰውየው ሳያውቀው ይወድቃል።

ቫልቩ ሲሰጥም አንድ የሚገርም ነገር ይታያል። መጀመሪያ ፈሳሹ ይንተከተካል፣ ግን በልኩ፤ ብረቱ ገና ሞቃት ስለሆነ በዙሪያው የጋዝ ብርድ ልብስ ይለብሳል፣ ፈሳሹም በደንብ አይነካውም። እንዲህ ብዙ ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ በድንገት ያ ብርድ ልብስ ይቀደዳል። ገንዳው በአንድ ጊዜ ያገሳል፣ ይረጫል፣ ጭጋጉ ይፈሳል። ከዚያ ጸጥ። ያቺ ጸጥታ ናት "ደርሻለሁ" የምትለው። ቴርሞሜትሩን የምንጠብቀው ለወጉ ነው ማለት ይቻላል፣ ግን እንጠብቀዋለን።

ውጤቱ፦ በክፍል ሙቀት አንድም አረፋ የለም። ከዜሮ በታች 196 ላይ፣ በ20 ባር ግፊት፣ ጥቂት አረፋ። በ2 ባር፣ ብርጭቆው ፈላ።

አዎ፣ በዝቅተኛው ግፊት ነው የባሰው። ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። ግፊቱ ከፍ ሲል ራሱ ኳሱን ገፍቶ መቀመጫው ላይ ያሳርፈዋል፤ ግፊቱ ዝቅ ሲል ግን የሚገፋ የለም፣ ሲሉ በራሱ ጉልበት ነው የሚዘጋው። የኛው ደግሞ ጉልበት አልነበረውም። "50 ባር ላይ ሞክረነው አላፈሰሰም" የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ "2 ባር ላይስ?" በሉት።

ቀን 9

ፈታነው። ኳሱና መቀመጫው የተነካኩበት መስመር ንጹህ ነው፣ ዙሪያውን እኩል አብረቅርቋል። ታዲያ በየት ወጣ?

በጀርባ። ቀለበቱ የተቀመጠበት ጉድጓድ ጋ። በክፍል ሙቀት ተጨንቆ ነው የሚገባው፣ በጎማ መዶሻ መታ መታ ተደርጎ። ሲቀዘቅዝ ግን በ1.3 ሚሊ ሜትር ከጉድጓዱ ጠበበ፤ ውፍረቱም ስለቀነሰ ኳሱና የጉድጓዱ ወለል መሃል ይዞት የነበረው ጭንቀት ረገበ። ሂሊየሙ በውጭ ዙሪያው ገብቶ፣ ከጀርባው ዞሮ፣ በሰላም ወጣ።

ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፍኩት፣ ግድግዳው ላይም ለጠፍኩት፦ ቴፍሎን ሲበርደው በውስጡ ያለውን ይጨብጣል፣ በዙሪያው ያለውን ይለቃል። ዘንግ ላይ ሲሆን ይጠቅማል፤ ዘንጉን አንቆ ይይዛል፣ እንዲያውም አጥብቆ መዞሩን ያከብደዋል። ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን ግን ጥሎህ ይሄዳል። እኔ ለሳምንት የትኛው ቁስ ይሻላል ስል ከረምኩ፤ ጥያቄው ማን ማንን ይዟል የሚለው ነበር።

ሦስት መንገድ ታየኝ። አንዱ ቴፍሎኑን ከውስጥ በኢንቫር ቀለበት መደገፍ ነው፤ ኢንቫር የብረትና የኒኬል ቅይጥ ነው፣ በዚህ ሁሉ ብርድ 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚኮማተረው፣ ስለዚህ ቴፍሎኑ ወደ ውስጥ ልሂድ ሲል ኢንቫሩ ይይዘዋል። ያምራል፣ ግን ተጨማሪ ክፍል ነው። ሁለተኛው ከቴፍሎን ያነሰ የሚኮማተር ሌላ ፕላስቲክ ነው፤ ችግሩን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሦስተኛው ያንኑ ቴፍሎን ማዞር ነው። በዲያሜትር አቅጣጫ ሳይሆን በፊት ለፊት እንዲዘጋ። 80 ሚሊ ሜትሩ 1.5 ሚሊ ሜትር ይኮማተራል፣ 3 ሚሊ ሜትሩ ውፍረት ግን 0.06 ብቻ ነው። 0.06ን አንዲት ሞላ ትሸፍነዋለች።

ሦስተኛውን መረጥኩ።

ቀን 13

አዲሱ ንድፍ። የኳሱ መቀመጫ በስቴንለስ መያዣ ውስጥ የታሰረ ቀጭን ቴፍሎን ሆነ። ከመያዣው ጀርባ፣ ከገላው ወለል ጋር ፊት ለፊት፣ አዲስ ሲል ገባ። ይሄ ሲል ቁርጡ ሲታይ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ ጠባብ ቦይ ይመስላል፤ ሁለት ከንፈር አለው፣ በከንፈሮቹ መሃል ሞላ ተቀምጧል። ሞላው ከንፈሮቹን ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። ቴፍሎን በብርድ ቢደርቅም ሞላው ብረት ስለሆነ ጉልበቱ አይጠፋም። ግፊት ሲመጣ ደግሞ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ከንፈሮቹን ይበልጥ ይከፍታቸዋል። ዝቅተኛ ግፊት የሞላው ድርሻ ነው፣ ከፍተኛው ግፊት የራሱ የግፊቱ ድርሻ ነው።

የሚያርፍበት ወለል ልስላሴ ወሳኝ ነው። በክፍል ሙቀት ቴፍሎን ለስላሳ ስለሆነ ጭረት ውስጥ ገብቶ ይሞላዋል፤ ብርድ ላይ ግን ደርቋል፣ ጭረቱ ጭረት ሆኖ ይቀራል። እስከ 0.2 ማይክሮን ድረስ አለሰለስነው። የቶርኖ ክብ ክብ ዱካ ያን ያህል አያስፈራኝም፣ ከሲሉ ጋር አብሮ ነው የሚዞረው። ሲሉን አቋርጣ የምታልፍ አንዲት ጭረት ግን፣ ጥፍር የማይዛት ብትሆን እንኳ፣ በር ናት። የዛሬዋን ያገኘናት ባትሪ በጎን አብርተን ነው። መንስኤዋም ታወቀ፤ የድሮውን ቀለበት በካቻቢቴ ፈልፍዬ ያወጣሁት እኔው ነኝ።

ቀን 14

አፈሰሰ። ያውም በደንብ። በክፍል ሙቀት ሳይቀር።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ሞላውን ስጠረጥር፣ ንድፉን ስጠረጥር፣ ራሴን ስጠረጥር ቆየሁ። ጋሼ ቡናቸውን ይዘው መጡና የተፈታውን ክፍል ገልብጠው አዩት። "ቦዩ ወደ ግፊቱ አይደል የሚያየው?" አሉ። ገልብጬ ነበር ያስገባሁት። ግፊቱ በጀርባ ሲመጣበት ከንፈሮቹን ይዘጋቸዋል እንጂ አይከፍታቸውም። ምንም አልተናገሩም፣ ቡናቸውን ይዘው ሄዱ። ከዚህ በኋላ ገልብጠህ ብታስገባው እንዳይገጥም መያዣው ላይ እርከን እንጨምራለን።

ቀን 15

አስተካክለን አስገባን። ገንዳው አገሳ፣ ጸጥ አለ። 20 ባር፣ ምንም። 2 ባር፣ ምንም። አሥር ደቂቃ ብርጭቆው ላይ አፍጥጠን ቆየን። አንድ አረፋ መጣች። ብቻዋን።

የመክፈቻ ጉልበቱ ግን ጨምሯል። በክፍል ሙቀት 22 ኒውተን ሜትር የነበረው 41 ሆኗል። የሚያዞረው ሞተር ሲመረጥ የብርዱ ቁጥር ነው የሚያዘው።

ቀን 16

ልረሳው ነበር! ኳሱ ሲዘጋ በመሃል ቀዳዳውና በዙሪያው ባለው ክፍተት ውስጥ ፈሳሽ ይዞ ይዘጋል። ቫልቩ ቀስ በቀስ ሲሞቅ ያ ፈሳሽ ይተናል፣ መውጫ ግን የለውም። እስከ 700 እጥፍ መስፋት የሚፈልግ ነገር በብረት ኳስ ውስጥ ቆልፈህ ማስቀመጥ ቦምብ መሥራት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኳሱ ሲዘጋ ግፊቱ ወደሚመጣበት ወገን የምታይ ትንሽ ቀዳዳ በትራፓኖ መብሳት። ከዚያ በኋላ ግን ቫልቩ የሚዘጋው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ገላው ላይ ቀስት መቀረጽ አለበት። ቀስቱ ቀለም ሳይሆን ቅርጽ ይሁን፤ ቀለም በበረዶ ይላጣል።

የዘንጉን ፓኪንግ፣ ማለትም ኳሱን በሚያዞረው ዘንግ ዙሪያ እንዳያፈስ የሚታጨቀውን ሲል፣ በተመለከተ አጭር ነው። ቦኔቱን አስረዘምነው። ዘንጉ በሚያልፍበት በዚህ ረጅም አንገት ውስጥ የሚቆመው ጋዝ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም፣ ስለዚህ ከላይ ያለው ፓኪንግ የክፍሉን ሙቀት ይዞ ይቀራል። ዘንጉ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ አለዚያ ፈሳሹ አንገቱ ውስጥ ይገባና ሁሉም ነገር ይበርዳል።

ቀን 22

ምድጃው ተለቀቀ። ወደ ሙቀቱ።

እዚህ ቴፍሎን የለም። 260 ዲግሪ አካባቢ የሥራ ወሰኑ ያበቃል፣ 327 ላይ ይቀልጣል፣ ከዚያ ከፍ ሲል ደግሞ ጭሱ ሰው ያሳምማል። የኳሱ ነገርም ቀረ፤ መዝጊያው ብረት በብረት ነው፣ ሁለቱም ፊት ላይ ስቴላይት የተባለ የኮባልት ቅይጥ ተበይዶ ተለስልሷል። ሁለት ራቁት ስቴንለስ ስቲል በሙቀት ቢፋተጉ ተነካክሰው ይቀራሉ። የመቀመጫው ሥራ በሁለት ቀን አለቀ፣ የሚወራለት ነገር የለም።

ጣጣው የዘንጉ ፓኪንግ ነው። አምስት ቀለበት ግራፋይት አስገባን፤ መሃል ያሉት ሦስቱ በቅርጽ የተጨመቁ፣ የላይኛውና የታችኛው የተጎነጎኑ፣ ለስላሳው በክፍተት ሾልኮ እንዳይወጣ። ብሎኑን አጠበቅን፣ ዘንጉን አሥር ጊዜ አንቀሳቀስን፣ ብሎኑ ላልቶ አገኘነው። ግራፋይት መጀመሪያ ላይ ይሰፍራል፣ ይጠብቃል፣ የያዝከውንም ጉልበት ይበላብሃል። እንደገና ማጥበቅ ነው። በዳዶዎቹ ሥር ሾጣጣ የሞላ ሮንዴላዎች ደርድረናል፤ ፓኪንጉ ሲሰፍር እነሱ ተከትለው ይጫኑታል።

ቀን 36

ሁለት ሳምንት በ540 ዲግሪ። ከፈትን።

ከታች፣ በእንፋሎቱ በኩል ያሉት ሁለት ቀለበቶች እንደገቡ ናቸው፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ፣ ጥብቅ። ሦስተኛው ጠርዙ ደብዝዟል። ከላይ ያሉት ሁለቱን በመንጠቆ ስነካቸው ወደ አመድነት ያደላ ግራጫ ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ። የላይኛው ከመጀመሪያ ክብደቱ ሩብ ያህሉን አጥቷል። ቀሪው የት ሄደ? ተቃጥሎ ጋዝ ሆነ። ግራፋይት ካርቦን ነው፤ አየር ካገኘ ከ450 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ቀስ ብሎ ይቃጠላል። እንፋሎት ውስጥ የበለጠ ይችላል። ስለዚህ የተበላው ከእንፋሎቱ የራቀው ወገን ነው፣ አየር የሚያገኘው እሱ ስለሆነ።

ሙከራዬም ግፈኛ ነበር። ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ምድጃው ውስጥ ከትቼው ፓኪንጉ ጭምር 540 ደረሰ። በእውነተኛው ሥራ ላይ አንገቱ ውጭ ነው የሚሆነው።

ቀን 41

ስለዚህ ምን አደረግን? ቦኔቱን አስረዘምነው። ለብርዱ ያደረግነውን ያንኑ ነገር! አንገቱ ላይ ክንፍ ክንፍ አበጅተን በምድጃው ጣሪያ ቀዳዳ አስወጣነው። ገላው 540 ላይ እያለ ፓኪንጉ ጋ 310 አነበብን። መቃጠልን የሚያዘገይ ውህድ የተጨመረበት ግራፋይትም አዝዣለሁ፣ ለጥንቃቄ። ጋሼ ሁለቱን ቫልቮች ጎን ለጎን አቁመው "መንትዮች ናቸው፣ ሁለቱም ከቤታቸው አንገታቸውን አውጥተው ይሸሻሉ" ብለው ሳቁ።

ቀን 47

ሙቁ ምድጃው ላይ ይቆይ። ወደ ብርዱ ተመልሼ ዙሮቹን እየቆጠርኩ ነው። አንድ ዙር ማለት መንከር፣ አምስት ጊዜ መክፈትና መዝጋት፣ ማሞቅ።

እስከ ዙር 12 ድረስ በ2 ባር በደቂቃ ከአንድ አረፋ አልበለጠም። ዙር 15 ላይ ሁለት። ዙር 17 ላይ አራት። ፈታሁት። የጀርባው ሲል ደህና ነው፣ ሞላውም ወደ ቦታው ይመለሳል። አሁን የደከመው የኳሱ መቀመጫ ነው፤ በሞቀ ቁጥር ቴፍሎኑ በኳሱ ጫና ትንሽ ትንሽ እየፈሰሰ ጠርዙ ላይ የፀጉር ያህል ቀጭን ምላስ አውጥቷል። በማጉያ መነጽር አየኋት፣ በምላጭ ቆርጬም በፕላስቲክ ከረጢት አስቀመጥኳት።

ሁለት ነገር ይዣለሁ። አንደኛው ካርቦን የተቀላቀለበት ቴፍሎን ነው፤ ብዙ አይፈስም፣ ግን ይደርቃልና 2 ባር ላይ ምን እንደሚል እንጃ። ሌላው መያዣው ቴፍሎኑን በሦስት ጎን እንዲይዘው ከንፈሩን በ0.5 ሚሊ ሜትር ማስረዘም ነው። ጋሼ ሁለተኛውን ይላሉ። ሁለቱንም ለየብቻ እንዲያወጡልኝ ሥዕሉን ሰጥቻቸዋለሁ፤ ቀለበቶቹ ነገ ጠዋት ከሳጥኑ ይወጣሉ፣ በ23 ዲግሪ።